ዓረፍተ ነገርም ክልል አለው

የግጦሽ ክልል ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ከብት እንዳይገባበት የተከለለ መሬት ነው። በክልሉ ውስጥ ያለው ሕግ ሌላ ነው፤ ከክልሉ ውጭ ያለው ሌላ ነው። ያው በሬ፣ ያው ሣር ሆኖ፣ አጥሩ ሲታለፍ የተፈቀደው ይከለከላል። በምንናገረው ቋንቋ ውስጥም እንዲሁ ያለ ክልል አለ። የቋንቋ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል። እናንተ ግን ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት፣ ማንም ሳያስተምራችሁ፣ በየቀኑ ስትሠሩበት ኖራችኋል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የሠራሁት ስሕተት ነው። በማታ ትምህርት ከሚማሩት ውስጥ አንድ ሽማግሌ የምስክርነት ቃላቸውን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ነገሩ የበሬ ሽያጭ ነበር። ስማቸውን ለውጬ ሻጩን ታደሰ፣ ገዢውን ከበደ ልበላቸው። ታደሰ የበሬዬ ዋጋ አልደረሰኝም ይላል። ከበደ ከፍያለሁ ይላል። ሽማግሌው የሰሙትን ነገሩኝ፤ እኔም «ታደሰ፣ ከበደ ገንዘቡን እንደሰጠው ነገረኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ አማረልኝ ብዬ ነበር።

ወረቀቱ በአስታራቂዎቹ ፊት ተነበበ። ከበደ «ይኸው! ለታደሰ እንደሰጠሁት ተጽፏል» አለ። ታደሰ ደግሞ «የለም፣ ‹እንደሰጠው› የሚለው ደላላውን ነው፤ ከበደ ገንዘቡን የሰጠው ለደላላው ነው» ብሎ ተከራከረ። ቀኑ ሙሉ በአንዲት «ው» አለቀ።

ማን እውነቱን እንደተናገረ ትንሽ እናቆየውና አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ማንም ያላለው ነገር ነበር። ከተሰበሰበው ሰው አንድ እንኳ «እንደሰጠው ማለት ከበደ ለከበደ ሰጠው ማለት ነው» ያለ የለም። ታደሰ ይሆናል፤ ደላላው ይሆናል፤ ሌላም ሰው ይሆናል። ከበደ ግን አይሆንም። ለምን? ከበደም ወንድ ነው፣ አንድ ነው፣ ስሙም እዚያው ተጠርቷል። እንዲያውም «ው»ን ከታደሰ ይልቅ የሚቀርባት እሱ ነው። ታዲያ ማን ከለከለው?

የከለከለው ክልሉ ነው። ዓረፍተ ነገሩን እንክፈተው። በውስጡ ሁለት ግሶች አሉ። አንዱ «ሰጠ»፣ ሌላው «ነገረ» ነው። እያንዳንዱ ግስ የራሱ ባለቤት አለው። የሰጠው ከበደ ነው፤ የነገረው ታደሰ ነው። «ከበደ ገንዘቡን እንደሰጠው» የሚለው በትልቁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የታጠረ ትንሽ ማሳ ነው። «ው» የምትገኘው በዚህ በትንሹ ማሳ ውስጥ ነው። የ«ው» ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ በምትገኝበት ማሳ ውስጥ ያለውን የግሱን ባለቤት አትይዝም። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ማንንም ብትይዝ ግን ከልካይ የላትም።

የ«ራሱን» ሕግ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ከበደ ራሱን ወቀሰ» ብንል የተወቀሰው ከበደ ነው። «ከበደ ወቀሰው» ብንል ግን የተወቀሰው ሌላ ሰው ነው። እሺ፣ አሁን አጥር እንጨምር። «ታደሰ፣ ከበደ ራሱን እንደወቀሰ ነገረኝ» ብንል ማን ተወቀሰ? ከበደ ነው። ታደሰ በሩቁ ቆሞ ይቀራል። «ታደሰ፣ ከበደ እንደወቀሰው ነገረኝ» ብንልስ? ከበደ ወጣ፤ ታደሰ ገባ። «ራሱን» ጌታውን የሚፈልገው ከአጥሩ ውስጥ ነው፤ «ው» የምትፈልገው ከአጥሩ ውጭ ነው። («ራሱን አመመው» ስንል ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ራስ ማለት አናት ነው። «ራሱ መጣ» የምንለውም ለማጥበቅ የምንጨምረው ነው። እነዚህን ለጊዜው እንተዋቸው።)

አጥር የሚሠራው በግስ ብቻ አይደለም። «የከበደ ወንድም ራሱን ወቀሰ» በሉ። የተወቀሰው ወንድሙ ነው፤ ከበደ አይደለም። «የከበደ ወንድም ወቀሰው» ሲባል ግን የተወቀሰው ከበደ ሊሆን ይችላል። ከበደ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቢኖርም «የ» የምትባል አጥር ከወንድሙ ጋር ለብቻው ከልላዋለች። የወቀሰው ወንድምዬው እንጂ ከበደ ስላልሆነ፣ «ራሱን» ከበደን አያገኘውም። ስለዚህ ቅርብ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የዚያ ግስ ባለቤት መሆን ያስፈልጋል። በሰዋስው «ባለቤት» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ጥሩ ቃል መርጧል እላለሁ።

ደግሞ «ታደሰ በሬውን ሸጠ» የሚለውን እንይ። እዚህም «ው» አለች። የማን በሬ ነው? የታደሰ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀድሞ የተወራበት ያ በሬ ማለት ብቻ ነው። ቅድም «ው» ባለቤቱን አትይዝም ብለን ነበር፤ አሁን ግን ያዘች። ሕጉ ፈረሰ? አልፈረሰም። ይህች «ው» በግሱ ላይ አይደለም የተቀጠለችው፤ በስሙ ላይ ነው። ክልሏ «በሬው» የሚለው ብቻ ነው፤ ታደሰ ከዚያ ውጭ ነው። ጠባብ ክልል ውስጥ ያለች «ው» ጎረቤቷን መያዝ ትችላለች።

እንዲህ ያለውን ክልል በሰፊው ካጠኑት ሊቃውንት ዋነኛው አሜሪካዊው ኖአም ቾምስኪ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ተወለደ። በ1957 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የሰዋስው ጥናትን አዲስ መንገድ አስያዘ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ይረዳልም፤ ስለዚህ በአእምሮው ውስጥ የዓረፍተ ነገር ማመንጫ ሕግ አለ። በ1981 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ከላይ ያየናቸውን ሕጎች አሰፈረ። «ራሱን»ን የመሰለ ቃል ጌታውን በክልሉ ውስጥ ማግኘት አለበት። «ው»ን ወይም «እሱን» የመሰለ ቃል በክልሉ ውስጥ ጌታ ሊኖረው አይገባም። ሦስተኛው ሕግ የተጸውዖ ስምን የሚመለከት ነው፤ «እሱ፣ ከበደ እንደመጣ ነገረኝ» ስንል «እሱ» እና «ከበደ» ሁለት ሰዎች የሚሆኑት በዚህ ሕግ ነው። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ቾምስኪ ዓረፍተ ነገር በየደረጃው ይገነባል፣ ያለቀው ክፍል እንደ ተለሰነ ጎተራ ይዘጋል፣ ጫፉ ብቻ ክፍት ይቆያል የሚል ሐሳብ አምጥቷል። ሊቃውንቱ በዝርዝሩ አልተስማሙም፤ ዛሬም ይከራከራሉ። በአማርኛ ዓረፍተ ነገርን በየሐረጉ ከፍሎ ማየት የሚፈልግ ሰው የባየ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» ያገኛል፤ በ1987 ዓ.ም. የታተመ ነው።

ክልሉ በሁሉም ቋንቋ አንድ ዓይነት ስፋት የለውም። ቻይናዎች ለ«ራሱ» የሚጠቀሙበት «ዚጂ» የሚባል ቃል አላቸው። በቻይንኛ «ታደሰ፣ ከበደ ራሱን ይወቅሳል ብሎ ያስባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢነገር፣ «ዚጂ» ከበደን ብቻ ሳይሆን አጥሩን ዘሎ ታደሰንም ሊይዝ ይችላል። አጥር በየአገሩ አለ፤ አንዱ አገር በድንጋይ፣ ሌላው በእሾህ ያጥራል እንደማለት ነው።

አሁን አማርኛ በዓለም ላይ ስሙ ወደተጠራበት ነገር እንምጣ። በሬ ጠምዳችሁ እምቢ ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? «በሬው አልሄድ አለ» ትላላችሁ። ልብ ብላችሁ አድምጡት። «አልሄድ» የሚለው «እኔ» ባይ ነው። የማይሄደው ግን ተናጋሪው ገበሬ አይደለም፤ በሬው ነው። ላሚቱም «አልታለብ አለች»፤ እንጨቱም «አልፈለጥ አለ»፤ በሩም «አልከፈት አለ»። በር አፍ አውጥቶ «እኔ አልከፈትም» እንዳለ አድርገን እንናገራለን። «በሩ አይከፈት አለ» የሚል ሰው አልሰማሁም። ለምን? «አለ» ከፊቱ ያለውን ነገር ያጥረዋል። በዚያ አጥር ውስጥ «እኔ» ማለት የሚናገረው ሰው ሳይሆን «አለ» የተባለለት ነው።

ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነው። ለውጭ ሊቃውንት ግን ጉድ ነበር። ዴቪድ ካፕላን የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1989 በታተመ ጽሑፉ «እኔ» የሚል ቃል ሁልጊዜ የሚይዘው ያን ጊዜ የሚናገረውን ሰው ነው አለ። የ«እኔ»ን ጌታ የሚለውጥ ነገር ቢኖር ኖሮ «ጭራቅ» ነው ብሎ ስም አወጣለት፤ በእንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ነገር የለም አለ። በ2003 ፊሊፕ ሽሌንከር የሚባል ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ጭራቁ አለ ብሎ ጻፈ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የአማርኛ ነው፦ «ጆን ጀግና ነኝ ይላል»። ጀግናው ጆን ነው እንጂ ወሬውን ያመጣው ሰው አይደለም። በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢነገር ጀግናው ወሬ አምጪው ይሆን ነበር። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ በቱርክ አገር በሚነገረው በዛዛኪ ቋንቋ «አለ» ከሚለው ቃል ጋር ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ካፕላን ከአንድ አራሽ ጋር አንድ ጠዋት ውሎ ቢሆን ጭራቁን ከቀንበር ሥር ያገኘው ነበር።

ወደ በሬው ሽያጭ እንመለስ። ክርክሩ ሲከር አስታራቂዎቹ ሽማግሌውን አስጠሩና «ታደሰ ያሉህን ራሱን ቃሉን ንገረን» አሏቸው። ሽማግሌውም «ታደሰማ፣ ‹ከበደ ገንዘቡን ሰጠኝ› አለኝ» አሉ። «ኝ» ታደሰ ነው፤ ደላላው የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ታደሰም ዝም አለ። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እኔ መጀመሪያም የነገርኩህ እንደዚህ አልነበረም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የተማረ አጻጻፍ መስሎኝ «ሰጠኝ አለኝ» ያሉትን «እንደሰጠው ነገረኝ» ብዬ የለወጥኩት እኔ ነኝ። የ«ው» ሕግ ከበደን ብቻ ነው የሚያስወጣው፤ ከቀሩት ውስጥ ማን እንደሆነ አይናገርም። የእሳቸው አነጋገር ግን ይናገር ነበር።

በወረቀት ላይ ግን ለዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ታደሰ፣ ከበደ ገንዘቡን ሰጠኝ አለኝ» ተብሎ ያለ ምልክት ቢጻፍ፣ አንዱ ተነሥቶ «የተቀበለው ምስክሩ ነው» ሊል ይችላል። በአፍ ሲነገር ድምፅ ይለየዋል፤ ወረቀት ድምፅ የለውም። ስለዚህ ታደሰ ያለው ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በትእምርተ ጥቅስ ማጠር ይገባል። ያም ካላጠገበ የተቀባዩን ስም በሙሉ መጻፍ ነው።

ማታ ስትሰበሰቡ እስቲ ይህን ሞክሩት፦ «ታደሰ፣ የከበደ ወንድም ራሱን እንደወቀሰ ነገረኝ»። ሦስት ሰዎች አሉ። የተወቀሰው ማን ነው? ቀጥሎ «ራሱን»ን አውጡና «እንደወቀሰው» በሉ። አሁንስ ማን ማን ሊሆን ይችላል? ማንስ አይችልም?