ዲግሪው አለ፤ ልምምዱን ማን ያርም?

በመጋቢት 2011 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን የውጭ አገር ጉዲፈቻ መዝገቦች ወደ 5 አወረደ። እስከዚያ ድረስ በቀን እስከ 50 መዝገብ ያልፍ ነበር። በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ 2,500 ገደማ ልጆች ሄደዋል። 50 መዝገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ለአንድ ልጅ 10 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። በየመዝገቡ ውስጥ ደግሞ ስለ ልጁ ወላጆች፣ ስለ ኑሯቸውና ስለ ፈቃዳቸው የሚተርክ ሪፖርት አለ። ያንን ሪፖርት ማን ጻፈው? ቤታቸው ስንት ጊዜ ሄደ? እናትየዋን ያነጋገራት ብቻዋን ነው ወይስ ጉዳይ አስፈጻሚው አጠገቧ ተቀምጦ? በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ሲታገድ ክርክሩ በአብዛኛው በሕጉና በኤጀንሲዎቹ ዙሪያ ነበር። ሪፖርቱን የሚጽፈው ሰው እንዴት እንደሠለጠነ የጠየቀ ጥቂት ነው። የሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ ክብደቱ የሚለካው ግን እዚያ ላይ ይመስለኛል፦ ተማሪው በበሰለ ባለሙያ እየታረመ መስክ ላይ ባሳለፈው ሰዓት። ዲግሪውን ስናስፋፋ ቸል ያልነው ይህንኑ ክፍል ነው።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስም ከመቋቋሙ በፊት ማለት ነው። አብዮቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቀረው ወደ ሶሲዮሎጂ ተጠቃለለ። የዘመኑ አስተሳሰብ ሥርዓቱ ከተለወጠ ድህነቱም፣ የጎዳና ልጁም፣ የተበተነው ቤተሰብም አብረው ይፈታሉ የሚል ነበር፤ ቁስሉን በነፍስ ወከፍ ማከም የቡርዥዋ ጥገና ተደርጎ ይታይ ነበር። በዚህ የተነሣ አገሪቱ የ1984–85ን ረሃብ፣ ረጅሙን የእርስ በርስ ጦርነትና የኤችአይቪን ወረርሽኝ ያሳለፈችው በሙያው የሚያሠለጥን አንድም ትምህርት ቤት ሳይኖራት ነው። ሶስት አሥርት ዓመታት ገደማ የፈጀው ክፍተት የተማረውን ሰው ቁጥር ብቻ አላጎደለም። ጀማሪውን እጁን ይዞ የሚያሳየውን ነባር ባለሙያም አሳጥቶናል፤ በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

በ2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን እንደገና ሲጀምር ከጣሪያው ነበር የጀመረው። በአብዬ ጣሴ መሪነትና በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጄን አዳምስ ኮሌጅ አጋርነት፣ ወደ 40 የሚጠጉ ተማሪዎች በማስተርስ ደረጃ ተቀበለ። በ2006 የዶክትሬት ፕሮግራም ተጨመረ። የመጀመሪያ ዲግሪው ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በጅማም ተከተለ፤ በርቀት የሚሰጥ ማስተርስም መጣ። ከላይ መጀመሩ ብዙዎች እንደሚሉት ስህተት አልነበረም፤ መምህር በሌለበት ማን የመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል? ዳፋው ግን አለ። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የተፈለጉት ለመምህርነት፣ ለጥናትና ለፕሮጀክት አስተዳደር ነበር። ስለዚህ ዲግሪው ቀስ በቀስ የሌሎቹን ሁለተኛ ዲግሪዎች መልክ ያዘ፤ ክብሩ ሁሉ ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ዞረ። ለመመረቂያ ጽሑፉ አማካሪ አለ፣ የውጭ ፈታኝ አለ፣ ዘመድ አበባ ይዞ የሚመጣበት የመከላከያ ቀን አለ። ለመስክ ልምምዱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው አንድ የትብብር ደብዳቤ፣ አንድ የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀትና መጨረሻ ላይ የሚረገጥ ማኅተም ነው።

በ2023 የተጀመሩት አገር አቀፍ ፈተናዎችም ሚዛኑን ወደዚያው ገፉት። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ማስተርስ የሚፈልግ ደግሞ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለበት። የትምህርት ጥራት አሽቆልቁሎ ስለነበር ፈተናዎቹን አልቃወምም። ግን ኮምፒውተር ላይ ከአራት ምርጫ አንዱን የሚመርጥ ተማሪ፣ ልጇን ለማደጎ ልትሰጥ የመጣች ሴት ዝም ስትል ዝምታውን መታገስ ይችል እንደሆነ ፈተናው አይነግረንም። በሕክምናው ትምህርት ተማሪው ከመጽሐፉ በኋላ የሕሙማን አልጋ አጠገብ ይቆማል፣ ሲኒየሩ ይጠይቀዋል፣ ያርመዋል። ሶሻል ወርክም የሰው ሕይወት የሚነካ ሙያ ሆኖ ሳለ ከዚህ ነጻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ክትትል ያለው ልምምድ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሙያው ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው አንድ ዘዴ አለው፦ ተማሪዋ ከባለጉዳይ ጋር ያደረገችውን ውይይት ያንኑ ቀን ከትዝታዋ ቃል በቃል ትጽፈዋለች። በአንድ ዓምድ የተባለው፣ በሁለተኛው እሷ በዚያች ደቂቃ የተሰማት፣ በሦስተኛው የተቆጣጣሪዋ አስተያየት። ከጎዳና ወደ ቤተሰቡ ሊመለስ ስለታሰበ የ12 ዓመት ልጅ እንበል። ተማሪዋ አባትየውን «ልጁን ለምን መታኸው?» ብላ ጠይቃለች። እሱም «ልጄን ልቅጣ እንጂ ማን ይቅጣው?» ብሎ ተነሥቶ ሄዷል። በሁለተኛው ዓምድ «ተናድጄ ነበር» ብላለች። ተቆጣጣሪዋ ጥያቄው ፍርድ እንደነበር፣ «ከቤት የወጣ ዕለት ነገሩ እንዴት ነበር?» ብላ ብትጀምር አባትየው ሊያወራ ይችል እንደነበር፣ ከሁሉ በላይ ግን ንዴቷን እሱ ቀድሞ እንዳነበበባት ትጽፍላታለች። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና። ይህን መጽሐፍ አያስተምርም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሁለትም አያስተምርም። አንድ ሴሚስተር ያለዚህ ያለፈች ተማሪ የጉዲፈቻ ሪፖርት ወይም ልጅ ለማን ይሰጥ ለሚል ክርክር ፍርድ ቤት የሚጠብቀውን አስተያየት ስትጽፍ፣ የምትጽፈው የተነገራትን እንጂ ያየችውን አይሆንም።

ቀድሞ የሚመጣው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የአሜሪካው የሶሻል ወርክ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ምክር ቤት ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ 400 ሰዓት መስክ ይጠይቃል፤ አውስትራሊያ 1,000 ሰዓት ትላለች። እነሱ ሀብታም ናቸው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን እነሱም አልተመቻቸውም፤ ተማሪዎች ለልምምድ ሲሉ ደመወዝ እያጡ ስለተቸገሩ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ተለማማጆች ሳምንታዊ ድጎማ ጀምራለች። እኛም ዘንድ የማስተርስ ተማሪው ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ወይም የድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ለእሱ 900 ሰዓት ያለ ደመወዝ መጠየቅ ማባረር ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ መለማመዱን መፍቀድ ግድ ይላል፤ የሚለማመደው ሥራ ከዕለት ሥራው የተለየ፣ የሚያርመውም የቅርብ አለቃው ያልሆነ እስከሆነ ድረስ። አለበለዚያ ያው የለመደውን ሥራ ሠርቶ ሰዓት ሞላ ይባላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው፣ እኛ ዕድር አለን፣ ሽማግሌ አለን፣ ማኅበር አለን። ኤችአይቪ በበረታ ጊዜ በሽተኛ ያስታመመው፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ ያበላው ዕድርና ጎረቤት እንደነበር አልክድም፤ ብዙ ባለሙያ ያልሠራውን ሠርቷል። ግን ዕድር የሰፈሩን ሰው ነው የሚያውቀው። በ2013 እና 2014 ሳዑዲ አረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ቦሌ ላይ የወረደችው ልጅ የደረሰባትን ለሰፈሯ ሰው መንገር አትችልም፤ ሐሜቱን ትፈራለች። አባት የሚደበድባት ልጅ ጉዳይ ሲመጣም ሽማግሌው ቤቱን ለማስታረቅ ይቸኩላል፤ ልማዱ የሚጠይቀውም ያንን ነው። ምስጢር የሚጠብቅ፣ ለማንም ያልወገነ፣ ነገ በሠርግና በለቅሶ የማያገኛት ሰው ያስፈልጋታል። ደግሞም ባለሙያው ዕድሩ ጋ ሄዶ እንዴት አብሮ እንደሚሠራ የሚማረው መስክ ላይ ነው፤ የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ዕድር የለም።

ሦስተኛው ወገን አገሪቱ የምትፈልገው ማስተርስ ሳይሆን በቀበሌ ደረጃ አጭር ሥልጠና የወሰደ ሠራተኛ ነው ይላል። በ2014 የወጣው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ሆነ የከተማው ሴፍቲኔት በየቤቱ የሚገባ እግር ይፈልጋሉ። በቁጥር ይህ ወገን ትክክል ነው። ነገር ግን ያ የቀበሌ ሠራተኛ የተደፈረች ልጅ ቤት ሲገባ፣ ማታ ደውሎ «ምን ላድርግ?» የሚለው ለማን ነው? ማስተርሱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ አሥር የመስክ ሠራተኞችን ለሚያርም አንድ ሰው። እሱ ራሱ ታርሞ ካላወቀ ሌላውን አያርምም። ሙያው እንደ ሐኪሙና እንደ ነርሱ በሕግ የተቋቋመ የሥራ ፈቃድ ሥርዓት የለውም፤ ደቡብ አፍሪካ ከ1978 ጀምሮ ሕግ አላት። ፈቃዱ ይምጣ የሚለውን እደግፋለሁ፣ ልምምዱ ሳይስተካከል ከመጣ ግን አንድ ተጨማሪ የወረቀት ፈተና ብቻ ይሆናል።

ተቆጣጣሪ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ከ2006 ወዲህ በማስተርስ የወጡት ተመራቂዎች የትም አልሄዱም፤ በየቢሮው፣ በየሆስፒታሉና በየድርጅቱ አሉ። ሁሉም ለማረም ብቁ ነው ማለት አይደለም፤ ራሳቸው ሳይታረሙ የወጡ ስላሉ ጥቂቱን መርጦ መጀመሪያ እነሱን ማሠልጠን ያሻል። ባለሙያ በሌለበት ወረዳ ሁለት ሰው መመደብ ይቻላል፦ የዕለት ሥራውን የሚያሳየው የጽሕፈት ቤቱ ነባር ሠራተኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ደግሞ በስልክም ሆነ በአካል ያንን ባለሦስት ዓምድ ወረቀት የሚያነብ የሙያው ሰው። ዩኒቨርሲቲው ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ እንደሚከፍለው ሁሉ ለዚህ ሰው ይክፈል፤ ነጥቡንም እሱ ይስጥ፤ ልምምዱ የወደቀ ተማሪ ጽሑፉ ግሩም ቢሆንም አይመረቅ። የመጨረሻዋን ነጥብ የትምህርት ክፍሎቹ የሚወዷት አይመስለኝም።