ሥር ያለው ወይስ ሥር አልባው? ለመጀመሪያው የዓሣ ገንዳ ተክል ሲመረጥ

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ማኖር የጀመረ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያ ኀዘን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገንዳው ታጥቦ፣ ጠጠሩ ተነጥፎና ውሃው ተሞልቶ ዓሦቹ ከገቡ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ውሃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ያበዛሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ያልቃሉ። ውሃው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ያለ ነው። ባለቤቱም ምግብ አንሷቸው ወይም ብርድ መትቷቸው ይሆናል ብሎ ያዝናል። እውነተኛው ገዳይ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታየውና ዓሦቹ ራሳቸው ያመነጩት አሞኒያ ነው።

ይህን አደጋ ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ ሕይወት ያለው የውሃ ውስጥ ተክል ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ተክል ይህን ሥራ በእኩል አይሠራም። በዚህ ጽሑፍ ለጀማሪዎች ዘወትር ከሚመከሩት መካከል ሁለቱን፣ ማለትም ቫሊስኔሪያንና ሴራቶፊለምን፣ እናነጻጽራለን።

ከኬሚስቱ ገንዳ የተገኘው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት አንድ አጭር ጥናት አሳተመ። ሙከራው ቀላል ነበር። 54 ሊትር ያህል ውሃ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ ስፓይራሊስ የተባለውን ተክል በአንድነት አኖረ። ማወቅ የፈለገው ተክሉ ለዓሦቹ ኦክስጅን፣ ዓሦቹ ደግሞ ለተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሰጡ ተደጋግፈው መኖር ይችሉ እንደሆነ ነበር። ሙከራው ለጊዜው ሠመረ። ቆይቶ ግን ያረጁት ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩና ውሃው ደፈረሰ። ዋሪንግተን የበሰበሰውን ቅጠል የሚመገቡ ቀንድ አውጣዎችን ሲጨምር ውሃው ተመልሶ ጠራ፤ የቀንድ አውጣዎቹ እንቁላልም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ።

ከዚህ ሙከራ ሁለት ቁም ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ተክል ለገንዳው ጌጥ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ባለሙሉ መብት አባል ነው። ሁለተኛ፣ በሕይወት ያለ ተክል ውሃውን እንደሚያጸዳ ሁሉ የሚሞት ተክል ያንኑ ውሃ ይበክላል። ስለሆነም ጀማሪው ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ተክል ያምራል ብሎ ሳይሆን፣ አሁን ባለኝ ገንዳ ውስጥ የትኛው በሕይወት ይቆያል ብሎ ነው።

በጠራው ውሃ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ዓሣ ከፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ በመተንፈሻ ስንጥቡ በኩል ያስወግዳል። የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድርም ሲበሰብሱ ይህንኑ አሞኒያ ይጨምራሉ። በቆየ ገንዳ ውስጥ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው ሥራቸውን በሚገባ እስኪጀምሩ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድባቸው ይችላል። ዓሦች የሚያልቁት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የአደጋው መጠን በውሃው ጠባይ ይወሰናል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ መርዛማው አሞኒያ ሲሆን ሌላው ጉዳቱ በጣም አነስተኛ የሆነው አሞኒየም ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ከሆነ ከጠቅላላው መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤቹ 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ያድጋል፤ 9 ሲሆን ደግሞ ከሲሶ ይበልጣል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ባይካርቦኔት የበዛበትን ውሃ የሚጠቀም ሰው በተለይ መጠንቀቅ ይኖርበታል፤ ለስላሳ ውሃ ባለበት ስፍራ ዓሣ የማይጎዳው ያው የአሞኒያ መጠን በእርሱ ገንዳ ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ቫሊስኔሪያ፦ ከሥሩ የሚመገበው

ቫሊስኔሪያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1661 እስከ 1730 ከኖረው ጣሊያናዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ከአንቶኒዮ ቫሊስኔሪ ነው። ቅጠሎቹ እንደ ጥብጣብ ረዣዥምና ቀጫጭን ሲሆኑ ከአንድ የሥር አንገት ተነሥተው ወደ ውሃው ገጽ ይወጣሉ። የመራቢያው መንገድ አስደናቂ ነው። ወንዴና ሴቴ አበቦቹ በተለያዩ ተክሎች ላይ ይገኛሉ። ጥቃቅኖቹ ወንዴ አበቦች ከሥር አካባቢ ተበጥሰው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሴቴዋ አበባ ደግሞ በረጅም ቀጭን አገዳ ወደ ውሃው ገጽ ትወጣለች። ርክበ ብናኝ ከተፈጸመ በኋላ አገዳው እንደ ሽቦ ምንጭ ተጠቅልሎ ፍሬውን ወደ ታች ይስባል። በገንዳ ውስጥ ግን ተክሉ በአብዛኛው የሚራባው በጠጠሩ ላይ በሚዘረጋቸው ተሳቢ ግንዶች ነው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ አዲስ ተክል ይበቅላል።

ቫሊስኔሪያ ንጥረ ነገሮችን በቅጠሉም ይወስዳል፤ የምግቡን ትልቅ ድርሻ የሚያገኘው ግን ሥሩ ከገባበት ወለል ነው። የጀማሪው ችግርም እዚህ ላይ ይነሣል። ገና ታጥቦ የተነጠፈ ጠጠር ለሥር የሚሆን ምግብ የለውም። በዚያ ላይ ይህ ተክል ወደ አዲስ ውሃ ሲዛወር አሮጌ ቅጠሎቹ ብዙውን ጊዜ ይሟሽሻሉ፤ የበሰበሱት ቅጠሎችም አሞኒያ ሊቀንስ ይገባው በነበረበት ጊዜ ጭራሽ ይጨምራሉ። ይህን ያየ ባለቤት ተክሉ ሞተ ብሎ ነቅሎ መጣል የለበትም። የሥሩ አንገት ጠንካራ እስከሆነ ድረስ የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ ቆርጦ ቢያስወግድ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ያያል። ሲተከልም ሥሩ ብቻ እንዲቀበርና አንገቱ ከጠጠሩ በላይ እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል፤ አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።

ሴራቶፊለም፦ ሥር ያልተፈጠረለት

ሴራቶፊለም ዴመርሰም የተባለው ተክል ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉራት ይገኛል፤ የአገራችን ሐይቆችም ያውቁታል። ስሙ ቀንድ እና ቅጠል ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተወሰደ ነው፤ ቅጠሎቹ እንደ ቀንድ የተሰነጠቁ ሆነው በግንዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ተደርድረዋልና። ይህ ተክል በየትኛውም የዕድገት ደረጃ ሥር አያበቅልም። ምግቡን ሁሉ የሚወስደው በቅጠሉና በግንዱ በኩል ከውሃው ነው።

በመሆኑም ጠጠሩ አዲስ ይሁን አሮጌ ለእርሱ ለውጥ የለውም። አሞኒየም ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የውሃ ውስጥ ተክሎች ሁሉ ከናይትሬት አስቀድሞ የሚሻው ምግቡ ነው። ዓሣውን የሚገድለው ነገር ተክሉን ያፋፋዋል ማለት ነው። ዕድገቱም ፈጣን ነው። መትከል አያስፈልገውም፤ በውሃው ላይ ማንሳፈፍ ይበቃል። የተቆረጠ ቁራጩ ሁሉ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል።

ነውርም አለው። ሙቀት ወይም ብርሃን በድንገት ሲለወጥበት መርፌ የሚመስሉ ቅጠሎቹን ያራግፍና ማጣሪያውን ይደፍናል። የውሃውን ገጽ ሲሸፍን ከሥሩ ላሉት ተክሎች ብርሃን ይነሣቸዋል። በሌሊት ብርሃን አስተጻምሮ ስለሚቆም ተክሉም እንደ ዓሦቹ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ስለሆነም በየሳምንቱ ካልተቀነሰ ጎህ ሲቀድ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ ሊያንስ ይችላል።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

ሁለቱም ከብርሃን አኳያ ብዙ አይጠይቁም፤ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የሚቆይ መካከለኛ ብርሃን ይበቃቸዋል። ሁለቱም በባይካርቦኔት ውስጥ ያለውን ካርቦን መጠቀም ስለሚችሉ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያሻቸውም። የሚለያቸው የምግባቸው ምንጭ ነው፤ ምርጫውንም የሚወስነው የገንዳው ዕድሜ ነው።

ገንዳው አዲስ ከሆነ ሴራቶፊለም ይቅደም። ባክቴሪያዎቹ እስኪደራጁ ድረስ ከአሞኒያው ከፊሉን እርሱ ይወስዳል። ይህ ማለት ግን ባክቴሪያዎቹን ይተካል ማለት አይደለም፤ ዓሦቹን በቁጥር አሳንሶ መጀመር፣ ምግብ አለማብዛትና በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ያህል መለወጥ አሁንም ግዴታ ነው። ወራት አልፈው በጠጠሩ መካከል የዓሦቹ ዝቃጭ ሲጠራቀም ደግሞ የቫሊስኔሪያ ተራ ይደርሳል፤ ያ ዝቃጭ ለሥሩ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ያን ጊዜ ሴራቶፊለሙን እየቀነሱ ለአዲሱ ተክል ብርሃን መክፈት ነው። ወለል የሚቆፍር ዓሣ ያለው ሰው ግን ቫሊስኔሪያውን በድንጋይ ካልከለለለት ሥር ሳይሰድ ይነቀልበታል።

ከገንዳው ውጭ ያለ ኃላፊነት

ተክሉን ከሐይቅ ለማምጣት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር ልብ ይበል። እንደ ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ ባሉ ሐይቆች ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎችም በውሃ ውስጥ ተክሎች መካከል መኖር ይወዳሉ። ለአንድ ቁራጭ ተክል ሲባል ወደ ውሃው መግባት አይገባም።

ከገንዳ የሚወጣ ትርፍ ተክልም ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ ሊጣል አይገባውም። ሴራቶፊለም በኒውዚላንድ የኃይል ማመንጫ ሐይቆችን ያስቸገረ መጤ አረም ሆኗል። እኛም ከእምቦጭ የበለጠ ምስክር አያሻንም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በአበባው ውበት ምክንያት በሰው እጅ በዓለም የተሠራጨው ይህ ተክል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ታወቀ። ትርፉን ተክል በፀሐይ አድርቆ ከጓሮ ማዳበሪያ ጋር መቀላቀል ቀላልና ጠቃሚ መንገድ ነው፤ ከዓሦቹ የወጣው ናይትሮጅን በዚያ በኩል ለጎመን ይደርሳል።