ሳይከፈት አይገመትም

አንዲት እናት የጫማ ካርቶን በፌስታል ጠቅልለው ገቡና ባንኮኒው ላይ አሳረፉት። ሱቃችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ያገለገሉ የቪዲዮ ጌሞች እንገዛለን፣ እንጠግናለን፣ እንሸጣለን። ያገራቸው ልጅ መሆኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። «የልጄ ጌሞች ናቸው። ምድር ቤቱን ሳጸዳ አገኘኋቸው። የድሮ ጌም ሚሊዮን ያወጣል ይላሉ፤ እውነት ነው ልጄ?»

ወሬው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ሄሪቴጅ በተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት አንድ ያልተከፈተ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» 870,000 ዶላር አወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ያልተከፈተ «ሱፐር ማሪዮ 64» 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ሁለት ሰው በዚህ ተስፋ ይመጣል። ያን ያህል ያወጡት ግን ከፋብሪካ እንደወጡ ላስቲካቸው ያልተቀደደ፣ ደረጃ ሰጪ ኩባንያ ነጥብ ሰጥቷቸው በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸጉ ናቸው። ልጅ ነክቷቸው አያውቅም። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ ልጅ የነካው ነው።

የዜልዳው ነገር ሁሌም ይከነክነኛል። ጌሙ በ1987 አሜሪካ ሲገባ ትልቁ አዲስ ነገር በካሴቱ ውስጥ ባትሪ መኖሩ ነበር፤ ልጁ ማሽኑን አጥፍቶ ቢተኛ የደረሰበትን ካሴቱ ይይዝለታል። 870,000 ዶላር የተከፈለበት ካሴትም ያቺው ባትሪ አለችው። በሕይወት ትኑር አትኑር ያየ የለም፤ ለማየት መክፈት ያስፈልጋል፣ ከከፈቱት ደግሞ ዋጋው አብሮ ይሄዳል። ገዢውን አልነቅፍም፣ የገዛውን ያውቃል። እኔ ግን እንዲያ ያለ ግምት እጄ እሺ አይለኝም። ከፍቼ ያላየሁትን ካሴት ዋጋ አልጠራም።

የጫማውን ካርቶን ከፈትኩት። ከላይ አምስት ስድስት የቅርጫት ኳስና የአሜሪካ እግር ኳስ ጌሞች ነበሩ፤ እነሱ በየዓመቱ በገፍ ስለወጡ የሚያወጡት ጥቂት ነው። ከሥራቸው አንድ ግራጫ ካሴት አገኘሁ። «ክሮኖ ትሪገር»።

ይህን ጌም ስወደው ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1995 ሱፐር ኒንቴንዶ ለተባለው የጌም ማሽን አወጣው። «ፋይናል ፋንታሲ»ን የፈጠረው ሂሮኖቡ ሳካጉቺና «ድራጎን ኩዌስት»ን የፈጠረው ዩጂ ሆሪ፣ ማለትም የሁለት ተፎካካሪ ጌሞች አባቶች፣ አብረው ሠሩት፤ ገጸ ባሕርያቱን አኪራ ቶሪያማ ሣላቸው። ሰይፍና አስማት ይዘው ከዳይኖሰሮች ዘመን እስከ ፈረሰው የ2300 ዓለም ድረስ በጊዜ ውስጥ የሚመላለሱ ወጣቶች ታሪክ ነው። አሜሪካ ሲገባ ወደ 80 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ስደተኛ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ዛሬ ጨዋታውን ብቻ የፈለገ ሰው 15 ዶላር ገደማ ከፍሎ በኮምፒውተሩ ይጫወተዋል። ጃፓንኛው ካሴትም አይወደድም፣ እዚያ አገር ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሽጧልና። የሚወደደው እንግሊዝኛው የአሜሪካ ካሴት ነው። የተሸጠው ከጃፓኑ በጣም ያነሰ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ በሱፐር ኒንቴንዶ ፈጽሞ ስላልወጣ የዚያ ሰብሳቢዎችም የሚሻሙት ይህንኑ ነው። ሳጥኑ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የሱፐር ኒንቴንዶ ሳጥን ስስ ካርቶን ነው፤ ልጅ በገና ዕለት ቀዶ ይጥለዋል። ሳጥኑ፣ የመመሪያ መጽሐፉና ተጣጥፈው የሚገቡት ፖስተሮች ከተሟሉ ዋጋው የብቻ ካሴቱን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ባዶ ሳጥን ብቻ ይዞ መጥቶ ካሴት ካመጣው ሰው የበለጠ ይዞ የሄደ አለ።

«ሳጥኑስ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ የጣልኩት። ያኔ ያለነው በአንዲት ክፍል ነበር፣ ዕቃ ሲበዛብኝ ካርቶን ካርቶኑን አውጥቼ ጣልኩ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ጣልኩ?»

ነገርኳቸው። ቁጥሩን መደበቅ አልችልም ነበር፤ ሌላ ሱቅ ቢነገራቸው እኔን የሚያምኑበት ምክንያት አይኖርም።

ከዚያ መፍቻዬን አነሳሁ። የእነዚህን ካሴቶች ብሎን ተራ ካቻቢቴ አይፈታውም፤ የራሱ 3.8 ሚሊሜትር መፍቻ አለው። የምከፍተው ሻጩ እያየ ነው፣ ባንኮኒው ላይ፣ መብራት ሥር። ፎርጅዱ በዝቷል። ከውጭ ሲታይ ስቲከሩ ኦሪጅናሉን ያስንቃል፤ ጉዱ የሚታየው ውስጡ ነው። በፎርጅዱ ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ የኒንቴንዶ ስም የለም፤ ቺፑ እንደ ሬንጅ በጠብታ ጥቁር ነገር የተደፈነ ነው፣ ወይም ከሌላ ዕቃ ነቅለው በስታኞ የለጠፉት። የእሳቸው ቦርድ ንጹሕ ነበር። የኒንቴንዶ ጽሑፍ አለ፣ ቺፖቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ባትሪዋም በፋብሪካ የተበየደ የብረት ምላሷ እንዳለ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነካት የለም።

ቴስተሩን አስጠጋሁ። 2.7 ቮልት። ይህች ባትሪ ሲአር 2032 ትባላለች፤ ወርዷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2፣ አዲስ ስትሆን ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ትላለች። ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው፤ ጥቂት ወራት፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ዓመት።

እዚህ ላይ የድሮ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ሥራውን በጀመርኩ ዓመት አንድ ጎልማሳ ባትሪው እንዲቀየርለት ሌላ ካሴት አመጣልኝ። አሮጌውን ነቀልኩ፣ አዲሱን በየድኩ፣ ሥራው ያማረ ነበር። ከፊቴ ከፍቶ ሲያይ ጨዋታ የሚቀመጥባቸው ሦስቱም ቦታዎች ባዶ ናቸው። ባትሪ ሲነቀል በካሴቱ ውስጥ የተቀመጠው ጨዋታ ሁሉ እንደሚጠፋ አውቅ ነበር፤ ያለው ነገር ይፈልገው እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም። ምንም ሳይናገር ከፍሎኝ ሄደ። ያ ዝምታ እስካሁን አብሮኝ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጀመሪያ ጌሙን ከፍቼ ለባለቤቱ ሳላሳይ ባትሪ አልነቅልም።

ካሴቱን በሱቁ የድሮ ቲቪ ላይ ከፈትኩላቸው። ከሦስቱ ፋይሎች አንዱ ተይዟል፤ 31 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ገባሁና ዝርዝሩን አወጣሁ። ጌሙ ለአንድ ሰው ስም ከአምስት የላቲን ፊደል በላይ አይቀበልም፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም «ክሮኖ» እንኳን ሲጻፍ አንድ ፊደል የጎደለው በዚሁ የተነሳ ነው። ልጁ ለባለሰይፉ የራሱን ስም ሰጥቶታል፣ ለልዕልቲቱ ደግሞ የእህቱን። እናትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቲቪው ተጠጉና ሦስተኛውን ስም በጣታቸው ነኩት።

«ይቺ መነጽር ያደረገችው… እኔ ነኝ?»

ማሽን የምትሠራዋ ሉካ ናት፤ ከቡድኑ ብልኋ እሷ ነች። ይህን ስነግራቸው መልስ አልሰጡኝም፣ ዝም ብለው ቆሙ።

ልጃቸው ጋ ሲያትል ደወልን። «ሽጪው እማ» አለ መጀመሪያ። ስሞቹን ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ። «አልጨረስኩትም ነበር» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የነበረው ሥራ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ካሴትን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ማንበቢያ አለኝ፤ የተያዘውን ገልብጬ ለልጁ በቴሌግራም ላክሁለት። መጠኑ 8 ኪሎባይት ነው፣ አንድ ፎቶ እንኳን አይሆንም። አሮጌዋን ባትሪ ነቅዬ አዲስ በየድኩ፣ የልጁንም ጨዋታ ወደ ካሴቱ መለስኩት።

ዋጋውን ስናወራ ሁለቱንም ቁጥር ነገርኳቸው፤ እንዲህ ካላደረግሁ ገማችም ገዢም መሆኔ ያስፈራኛል። «እኔ በ170 ዶላር እሸጠዋለሁ፤ ለእርስዎ የምከፍለው 115 ነው። ኢንተርኔት ላይ ራስዎ ቢሸጡት የድረ ገጹና የመላኪያው ተቀንሶ 140 ገደማ ይደርስዎታል፤ ግን ፎቶ ማንሳት፣ ማሸግና ከገዢ ጋር መነጋገር አለበት።» ኦሪጅናል ባትሪ የሚፈልግ ሰብሳቢም እንደሚኖር፣ መቀየሩን ሳልደብቅ እንደምጽፍም ጨመርኩላቸው።

«ከማን ጋር እነጋገራለሁ፣ አንተው ውሰደው» አሉ። አዲስ አበባ ላለችው እህታቸው መድኃኒት የሚልኩበት ቀን ደርሶ ነበር። ብሩን ቆጥረው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ የስፖርቶቹን ጌሞች ግን ለእኔው ተዉልኝ።

መስታወቱ ውስጥ ካሴቱ ሥር ያስቀመጥኳት ካርድ እንዲህ ትላለች፦ ኦሪጅናል የአሜሪካ ካሴት። ተከፍቶ ታይቷል። ሳጥንና መመሪያ የለውም። ባትሪው ዘንድሮ ተቀይሯል። ፋይል 1 ላይ ያልተጨረሰ ጨዋታ አለ።