አንድ መንገድ፣ ሦስት ተፋሰሶች፦ ጂኦግራፊን ለፈተናም ለሥራም ማጥናት

በየዓመቱ በርካታ ወጣቶች አስቀምጠውት የነበረውን የጂኦግራፊ ደብተር እንደገና ይገልጣሉ። ከፊሎቹ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቃቸው ተማሪዎች ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ከብዙ ተወዳዳሪዎች ጋር የጽሑፍ ፈተና ለመቀመጥ የሚዘጋጁ ናቸው። የሁለቱም ወገኖች የጥናት ዘዴ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የወንዞችን ርዝመት፣ የተራሮችን ከፍታና የሐይቆችን ጥልቀት በዝርዝር ጽፎ መሸምደድ። ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ግን የተሸመደደው ሁሉ ይረሳል።

በዚህ ጽሑፍ ሌላ የአጠናን መንገድ እናሳያለን። የምድርን ገጽ፣ አየሩንና ውሃውን የሚያጠናው የተፈጥሮ ጂኦግራፊም ሆነ፣ አንድን አካባቢ ከነተፈጥሮው፣ ከነሕዝቡና ከነኑሮው አያይዞ የሚመለከተው ክልላዊ ጂኦግራፊ በምክንያትና በውጤት ሰንሰለት የተያያዙ ዕውቀቶች ናቸው። ሰንሰለቱን የጨበጠ ተማሪ አንዱ ቀለበት ቢጠፋው ከሌላው ተነሥቶ ያገኘዋል። ለማስረጃ ሩቅ አንሄድም፤ ምሳሌያችን ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ጉደር የሚወስደው የምዕራብ ሸዋ መንገድ ነው።

ቁጥር ይለወጣል፣ ምክንያት ይጸናል

በቀደሙት የመማሪያ መጻሕፍት የራስ ዳሸን ከፍታ 4,620 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ግን ቁጥሩ ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ተራራው አላጠረም፤ የተሻሻለው መለኪያው ነው። የአገራችን የክልል መንግሥታት ቁጥርም ቢሆን 9 የነበረው ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት 12 ሆኗል። ቁጥር ብቻ የያዘ ተማሪ እንዲህ ያለ ለውጥ በመጣ ቁጥር ዕውቀቱ ያረጅበታል። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተከታታይ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ተነባብረው መነሣታቸውን፣ ከዚያም በውሃና በበረዶ መሸርሸራቸውን የተረዳ ግን ተራራው ለምን ከፍ እንዳለና ለምን ገደላማ እንደሆነ ምንጊዜም ማስረዳት ይችላል። ይህ ማለት ቁጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ቁጥር የሚጸናው ምክንያት ላይ ሲንጠለጠል ነው ማለታችን ነው።

ውሃ የሚያውቀው ድንበር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በግንጪ አልፎ አምቦ የሚደርሰው አውራ ጎዳና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ተሳፋሪው ሳያስተውለው በግንጪና በአምቦ መካከል አንድ ታላቅ ድንበር ይሻገራል። ድንበሩን የሚያመለክት ሰሌዳ የለም፤ የዝናብ ውሃ ግን ያውቀዋል።

ከዚያ ከፍታ በስተምሥራቅ የወረደ ጠብታ ከግንጪ አካባቢ ከሚነሣው ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። በቆቃ ግድብ አልፎ፣ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች አጠጥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ወሰን በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። በስተምዕራብ የወረደው ጠብታ በአንጻሩ በአምቦ ከተማ በሚያልፈው በሁሉቃ ወንዝ በኩል ወደ ጉደር፣ ከጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ጉዞውን ይፈጽማል።

ሦስተኛው ተፋሰስ የሚገኘው ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ በወንጪ በኩል ወደ ወሊሶ ስንጓዝ ነው። ከወንጪ ተራሮች በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ገብቶ በቱርካና ሐይቅ ይቆማል። እንግዲህ በአንድ የከፍታ ቦታ ዙሪያ የሚዘንብ ዝናብ ወደ ሦስት የተለያዩ መድረሻዎች ይከፋፈላል ማለት ነው። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ በእጁ የነደፈ ተማሪ «ከሚከተሉት ወንዞች ባሕር የማይደርሰው የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ዝርዝር ማስታወስ አያስፈልገውም።

ከአምቦ ውሃ በስተጀርባ

አምቦ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው የማዕድን ውሃው ነው። ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው ይህ ውሃ ጋዙን ያገኘው ከምድር ጥልቀት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከሚገኘው ከየረር ተራራ ተነሥቶ በወለጋ እስካለው እስከ ቱሉ ወለል ድረስ የምድር ቅርፊት የተሰነጠቀበትና እሳተ ገሞራዎች የተደረደሩበት መስመር አለ። አምቦ የምትገኘው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስንጥቁ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ የሟሟው ጋዝም ውሃውን በመጠኑ አሲዳማ ስለሚያደርገው፣ በሚያልፍበት ዐለት ውስጥ ያሉትን ማዕድናት እያሟሟ ይዟቸው ይወጣል።

የወንጪና የደንዲ ሐይቆችም የዚሁ ታሪክ ምዕራፎች ናቸው። ሁለቱም እሳተ ገሞራ ከፈነዳና አናቱ ወደ ውስጥ ከሰመጠ በኋላ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባቸው ሐይቆች ናቸው። ደንዲ ከላይ ሲታይ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይመስላል። በሌላ በኩል ወንዞች የላዩን የእሳተ ገሞራ ዐለት ቆርጠው በወረዱበት ስፍራ ከሥሩ እጅግ ያረጀ የአሸዋ ድንጋይ ይገለጣል። በግንባታ ሥራ የታወቀው የአምቦ ድንጋይ ይኸው ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ፣ ሐይቁና የግንቡ ድንጋይ በጥናት ደብተራችን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ገጾች ሊሆኑ አይገባም።

ከፍታ፣ ሙቀትና ጥላ

የስሌት ጥያቄዎችንም ከዚሁ አካባቢ ማውጣት ይቻላል። የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የወንጪ ተራራ ጫፍ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ በመሆኑም ወንጪ ከአምቦ በ8 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ እንገምታለን። በአምቦ ዙሪያ ጤፍ፣ በወንጪ ገደላማ ማሳዎች ደግሞ ገብስና እንሰት በብዛት የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወይና ደጋና ደጋ የሚሉት ቃላት ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት የገበሬው ቃላት ነበሩ።

ሁለተኛው ስሌት የፀሐይ ነው። አምቦ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 አካባቢ፣ በቀጥታ ከአናት በላይ ትውላለች። በእነዚህ ቀናት ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላ የለውም። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው በሰዓት አቆጣጠራችን ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ከ30 ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ አምቦ የምትገኘው 38 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ኬንትሮስ ላይ ነው። የ7 ዲግሪው ልዩነት፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሆናል። የነሐሴ ደመና ስለሚያስቸግር ሙከራውን በሚያዝያ ማድረግ ይሻላል።

ከፈተናው ማግስት

ፈተናውን ያለፈው ወጣት ነገ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይመደባል እንበል። በግንጪ ዙሪያ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ውሃም ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። እዚያ የገበሬው ችግር ትርፉን ውሃ ከማሳው ማውጣት ነው። ሽምብራንና ጓያን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በቀሪው እርጥበት የሚዘራውም ለዚህ ነው። በወንጪ ገደል ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃው አፈሩን ይዞ እንዳይወርድ ማቆየት ያስፈልጋል። ለሁለቱም ቦታዎች አንድ ዓይነት ዕቅድ ጽፎ የሚያወርድ ባለሙያ በፈተናው ሙሉ ውጤት አግኝቶ ቢሆን እንኳ ጂኦግራፊን አላወቀም።

ስሕተቱ በወረዳው ተወስኖ አይቀርም። ከአዋሽ ራስጌ የታጠበ አፈር በ1952 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቆቃ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል። ከአምቦና ከጉደር ተዳፋቶች የሚታጠበው ደግሞ መንገዱ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። በራስጌ ያለው ማሳ አያያዝ የግርጌውን መብራት ይወስናል።

የከተሞች ዕጣም ቢሆን ከተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተለይቶ አይታይም። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የእንጨት እጥረት በመከሰቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ የእንጨቱን ችግር ሲያቃልል ግን አዲስ አበባ መናገሻነቷን ይዛ ቀረች፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንዴት እናጥና?

በመጀመሪያ፣ የምንኖርበትን አካባቢ ካርታ በእጃችን እንንደፍ፤ የዝናቡ ውሃ የሚሄድበትን አቅጣጫም በቀስት እናመልክት። ቀጥሎ፣ በ1፡50,000 መስፈርት የተዘጋጀ ካርታ ካገኘን 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር መሆኑን አስበን፣ የከፍታ መስመሮቹ የተጠጋጉበትንና የተራራቁበትን ስፍራ እንለይ። ሦስተኛ፣ ለምንይዘው ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ «ለምን?» እንጻፍለት። በመጨረሻም፣ አንዱን አካባቢ ከሌላው ጋር እናነጻጽር፤ ግንጪን ከወንጪ፣ አዋሽን ከጉደር። ክልላዊ ጂኦግራፊ በዋናነት የማነጻጸር ትምህርት ነውና።

ውድ አንባቢያን፣ በእርግጥ ፈተና የሚያቀርበው አራት ምርጫና አንድ ትክክለኛ መልስ ነው። ሥራው ግን ምርጫውን አዘጋጅቶ አያቀርብም፤ ማሳውን፣ ወንዙንና ገበሬውን ብቻ ያቀርባል። በሚቀጥለው ጊዜ በአምቦ መንገድ ስትጓዙ ግንጪን እንዳለፋችሁ በመስኮት ወደ ውጭ ተመልከቱ፤ ጅረቶቹ ፊታቸውን ወደ የት እንዳዞሩም አስተውሉ።