ማረፊያ ያጣ ገጽ

ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ከብርድ ልብስ ሥር የሚያበራው የማን ስልክ ነው? የሁላችንም ነው። «አንዲት ነገር ብቻ አይቼ ልተኛ» ብለን ቲክቶክን እንከፍትና ሌሊቱ ይጋመሳል። ብዙዎች ይህን ስንፍና ይሉታል። እኛ ግን ጥፋቱ ከአሠራሩም ነው እንላለን።

መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ ጋዜጣም የመጨረሻ ገጽ አለው። እዚያ ሲደረስ ዓይን ያርፋል፤ ሰውም «ይብቃኝ ወይስ ልቀጥል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አዛ ራስኪን የተባለው አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው ዘዴ ግን ያችን ማረፊያ አጠፋት፤ ገጹ ሊያልቅ ሲል ሌላው ሳይጠሩት ይመጣል። የሚመጣውም ደስ የሚያሰኝ ይሁን አሰልቺ አስቀድሞ አይታወቅምና እንደ ሎተሪ ያጓጓል። ሰውየው ኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል፤ ዘዴው ግን ከያንዳንዳችን ኪስ ገብቷል።

ስልኩን ፈጽሞ ተዉ ማለትም አይሆንም፤ የትምህርት ማስታወሻችን የሚላከው በቴሌግራም ነውና። (ማስታወሻውን ልናወርድ ገብተን ስንቱን ቀልድ አንብበን እንደ ወጣን አይጠየቅ።)

ስለዚህ በእኛ ክፍል ከፈተናው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ስልኮቹን ማታ በ4 ሰዓት ባንድ ሣጥን መቈለፍ ጀምረናል። የሚቀሰቅሰን ባለ ደወል ሰዓትም በመዋጮ ገዝተናል። ከስምንታችን ሁለቱ እስካሁን እምቢ እንዳሉ ናቸው።