«ሩት» የተደረገ ስልክ በእርግጥ ይፈጥናልን?

ሰሞኑን በወንዶች መኝታ ቤት አንድ ወሬ በሰፊው ይናፈሳል። «ስልክህ ስታክ ካደረገ ሩት አስደርገው፤ እንደ ጥይት ይሆንልሃል» የሚል ነው። ሁለት የክፍል ጓደኞቼም ለዚሁ ጉዳይ በመጪው ቅዳሜ ከተማ ወደሚገኝ የሞባይል ጥገና ቤት ለመሄድ ቀጠሮ ይዘዋል። ይህን ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለማውጣት የቸኮልኩት እነሱም ሆኑ ሌሎቻችሁ ከቅዳሜ በፊት እንድታነቡት ብዬ ነው። ባለፈው ክረምት ይህንኑ ሥራ በገዛ ስልኬ ላይ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁና የምናገረው በስማ በለው አይደለም።

ለመሆኑ ሩት ምንድን ነው? ቃሉ የእንግሊዝኛ ሲሆን ትርጉሙ «ሥር» ማለት ነው። የመጣውም ዩኒክስ ከሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ዩኒክስን በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በቤል ላብራቶሪ መሥራት የጀመሩት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሰው ይጋራው ስለነበር፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ ለየሰዉ የተወሰነ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ሁሉን የመክፈትና ሁሉን የመደምሰስ ሥልጣን ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ስሙ ሩት፣ መለያ ቁጥሩም ዜሮ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ ደንብ ተከተለ። አንድሮይድ ደግሞ በሊኑክስ ላይ የተገነባ ስለሆነ በየኪሳችን ውስጥ አንድ ሩት ተቀምጧል ማለት ነው።

ነገሩን በራሳችን ኑሮ እንየው። እያንዳንዳችን የሳጥናችን ቁልፍ አለን፤ የጎረቤታችንን ሳጥን ግን መክፈት አንችልም። የየበሩ ቁልፍ ያለው ንብረት ክፍሉ ነው። በስልክም ውስጥ እያንዳንዱ አፕ የራሱን ሳጥን ብቻ እንደሚከፍት ተማሪ ነው፤ ቴሌግራም የባንኩን አፕ ሳጥን አይከፍትም። ሩት ማድረግ ማለት እንግዲህ የንብረት ክፍሉን ቁልፎች በሙሉ ለባለስልኩ ማስረከብ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ቁልፉን ሁሉ የያዘው ሰው ከመኝታ ቤት ወደ ምግብ አዳራሽ ሲሄድ ከማናችንም አይቀድምም። መንገዱ ያው ነው።

ታዲያ ይፈጥናል የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እውነት የነበረበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ ጂ1 ይባላል፤ ኤችቲሲ ሠርቶት በጥቅምት ወር 2008 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ይህ ስልክ የራሱ የፊደል ቁልፎች ነበሩት። ከስህተት የተነሣ በቁልፎቹ የሚጻፈው ሁሉ በስውር ለሩትም እንደ ትእዛዝ ይደርስ ነበር። አንድ ሰው ለወዳጁ መልስ ሲሰጥ ስልኩን አጥፍቶ እንዳስነሣው ለመግለጽ «ሪቡት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ቢጽፍ፣ ስልኩ እንደታዘዘ ወታደር ጠፍቶ ተነሣ! ጎግል ስህተቱን ወዲያው አረመው። ነገር ግን ባለስልኮቹ የሩትን ጥቅም አንዴ ቀምሰውት ነበር። የጂ1 የውስጥ ማስቀመጫ 256 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ሩት ያደረጉት ሰዎች አፖቻቸውን ወደ ሚሞሪ ካርድ ያዛውሩ ጀመር። አንድሮይድ ራሱ ይህን የፈቀደው በ2010 ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ነክሰስ 7 የተባለው ታብሌት። በ2012 ሲወጣ ፈጣን ነበር፤ ወራት ሲቆጠሩ ግን ብዙዎቹ ተንቀራፈፉ። ምክንያቱን ለመረዳት የስልክ ማስቀመጫ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔም ይበልጥ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው።

አንድ ለየት ያለ ጥቁር ሰሌዳ አስቡ። በባዶ ቦታው ላይ እንደልብ ይጻፍበታል። አንዲት ፊደል ብቻ መርጦ ማጥፋት ግን አይቻልም፤ ማጥፋት የሚቻለው የሰሌዳውን አንድ ሙሉ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ላይ ገና የሚፈለግ ጽሑፍ ካለ መምህሩ በቅድሚያ ወደ ሌላ ባዶ ቦታ መገልበጥ አለበት፤ ከዚያ ዳስተሩን ያነሣል። ባዶ ቦታ ሰፊ ከሆነ ይህ ሁሉ ተማሪው ሳያውቀው ያልቃል። ሰሌዳው ጢም ብሎ ከሞላ ግን አንዲት ቃል ለመጻፍ መምህሩ ሲገለብጥና ሲያጠፋ ተማሪው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ስታክ የምንለው ብዙ ጊዜ ይህን ጥበቃ ነው። በነክሰስ 7 ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ ባለቤቱ የሰረዘው ፋይል መሰረዙን ለማስቀመጫው የሚነግረው ስላልነበረ ማስቀመጫው የማይፈለገውን ሁሉ ተሸክሞ ይገለብጥ ነበር። ሩት ያደረጉ ሰዎች ይህን የሚነግር ትንሽ አፕ ጭነው ታብሌታቸውን አዳኑት። በ2013 የወጣው አንድሮይድ 4.3 ግን ሥራውን ራሱ በየጊዜው ስለሚሠራው ሩቱ ለዚህ ጉዳይ ሥራ ፈታ።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ስልኬ አገልግሎቱ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ካሜራው እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል ብል ማጋነኔ አይደለም። ሩት ለማድረግ ማጂስክ የተባለውን፣ ከ2016 ጀምሮ የሚሠራበትን መሣሪያ መረጥኩ። ከዚያ በፊት ግን ቡትሎደር የሚባለውን መክፈት ግድ ነው፤ ይኸውም ስልኩ ሲነሣ ፋብሪካው ያላጸደቀውን ሲስተም አላስነሣም የሚለው ዘበኛ ነው። ስልኩን ከአጎቴ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቼ ትእዛዙን ስሰጥ በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ወጣ። አላነበብኩትም ብል ውሸት ነው። አንብቤዋለሁ፤ የሚጠፋው የስልኩ ሲስተም ብቻ መስሎኝ ቁልፉን ተጫንኩ።

ያለው ነገር ሁሉ ጠፋ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ደንብ ነው፤ ስልክ የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ የባለቤቱን ምስጢር እንዳያይ። የእኔ ምስጢር አያቴ የነገረችኝ አሥራ አንድ ተረቶች ነበሩ። ለአማርኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንዲሆኑኝ ብዬ በድምፅዋ የቀዳኋቸው ናቸው። ነፍሷን ይማረውና፣ አሁን መልሼ ልቀዳት አልችልም። ስድስቱን በቃሌ አስታውሼ ጽፌአቸዋለሁ፤ ሳቋ ግን በጽሑፍ አይገባም።

ስልኩስ? እውነት ለመናገር በረረ። ለሦስት ሳምንት ያህል ላገኘሁት ሁሉ ሩትን ሳሞግስ ከረምኩ። ከዚያ በኋላ የቴሌግራም ቪዲዮና የክፍላችን ፒዲኤፍ እየተጠራቀመ ሲሄድ ስልኬ ወደ ጥንቱ አመሉ ተመለሰ። ሩቱ በቦታው አለ፤ ፍጥነቱ የለም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ስልኬን ያፈጠነው ሩቱ ሳይሆን ሰሌዳው በሙሉ መጥፋቱ ነበር። ይህንንማ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ፎርማት ማድረግም ይሠራዋል፤ ያውም ዕቃን በቅድሚያ ገልብጦ!

በዚህ ላይ የባንኬ አፕ አልከፈት አለኝ። ብዙ የባንክ አፖች ስልኩ ሩት መደረጉን ሲያውቁ ሥራ ያቆማሉ፤ ቁልፍ በየሰዉ እጅ ከገባ ሳጥናቸው አስተማማኝ አይደለምና አልፈርድባቸውም። ከቤት የተላከልኝን ገንዘብ ለማውጣት ግን በእግሬ እስከ ቅርንጫፉ ሄጄ ተሰልፌአለሁ። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ደግሞ ኖክስ የሚባል ምልክት አለ፤ አንዴ ከተሰበረ ፎርማትም ቢደረግ አይመለስም።

«ኮምፒዩተር አያስፈልግም፣ አንዴ መንካት ብቻ ነው» ስለሚሉት አፖችም አንድ ቃል ልጨምር። በ2014 ጆርጅ ሆትዝ የተባለ አሜሪካዊ ታወልሩት የሚባል እንዲህ ያለ አፕ አውጥቶ ነበር። አፑ የሠራው በሊኑክስ ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ደግሞ ባለቤትና ሌባ አይለይም፤ በአንድ ንክኪ ሩት የሚሆን ስልክ ለክፉ አፕም በአንድ ንክኪ ይከፈታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለምትሉ፣ እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው። ከማስቀመጫው አንድ አምስተኛ ያህሉን ባዶ እተዋለሁ። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ የማስቀመጫ አጠቃቀም የሚል ክፍል አለ፤ የተጠራቀመውን ከዚያ አጠፋለሁ፣ ራሱ እንዳያወርድም እዘጋበታለሁ። ፋይሉ በቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ ሲያስፈልግ እንደገና ይወርዳል። ከስልኩ ጋር የመጡትንና የማልጠቀምባቸውን አፖች አሰናክያለሁ፤ አብዛኞቹን ለማሰናከል ሩት አያስፈልግም። ሚሞሪ እናጸዳለን የሚሉትን አፖች ግን አውጥቼ ጥያለሁ። አንድሮይድ የቅርብ ጊዜ አፖችን ራም ላይ የሚያቆየው ቶሎ እንዲከፈቱ ብሎ ነው፤ እነሱን እየገደሉ እንደገና ማስነሣት ባትሪ መጨረስ ነው።

ሩት ጨርሶ አይጠቅምም አላልኩም። የተጣለ አሮጌ ስልክ ያለው፣ የሊኑክስን ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው በዚያ ላይ ቢማር ደስ ይለኛል፤ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ።

ረቡዕ ማታ ከጥናት በኋላ የአንደኛውን ጓደኛዬን ስልክ አብረን ከፍተን አየነው። ከ32 ጊጋባይቱ ባዶ የቀረው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ቴሌግራም ብቻውን 11 ይዟል። ፎቶዎቹን ገልብጠን ሌላውን ስናጠፋ ካሜራው እንደተነካ ተከፈተ። የቅዳሜ ቀጠሮውን ሰርዟል። ሁለተኛው አሁንም እሄዳለሁ ባይ ነው፤ የእናቱን ፎቶዎች እንኳ በፍላሽ እንዲገለብጥ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ፍላሹን ያዋስኩት እኔ ነኝ።