ሁለቱንም ጫማ ይዘው ይምጡ

ሰው ሠራሽ እግር ሊያሠራ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምለው «በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱንም ጫማ ይዘው ይምጡ» ነው። እግሩ የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ልክ ነው። ተረከዙ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሰውየው ሲራመድ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ወገቡን ያመዋል።

በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከማልረሳቸው ታካሚዎች አንዱ ከዛላንበሳ አካባቢ የመጡ አባት ናቸው። ጦርነት ካለፈ በኋላ ማሳቸው ውስጥ ፈንጂ ረግጠው ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች አጥተዋል። ጫማ ባልኳቸው ጊዜ ከፌስታል ውስጥ ጥንድ ጫማ አወጡ። ግራው አልቆ ተረከዙ ተበልቷል፤ ቀኙ አንድ ቀን እንኳ መሬት አልነካም። ጥንዱን የገዙት እግራቸውን ካጡ በኋላ ነው። «አንዱን ብቻ የሚሸጥልኝ የለም። ቀኙን ልጥለው ብል ደግሞ እጄ እንቢ አለኝ» አሉኝ።

ያን ጫማ ባሰብኩ ቁጥር የጫማ ክምር ትዝ ይለኛል። በ1995 ፓሪስ ውስጥ ሃንዲካፕ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ሕዝቡን «ጫማችሁን አምጡና ከምሩ» ብሎ ጠራ፤ ሰዉም እያመጣ ቆለለው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ድርጅቱን በ1982 የመሠረቱት፣ ታይላንድ ድንበር ላይ ለነበሩ የካምቦዲያ ስደተኞች እግር ለመሥራት የተነሡ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ናቸው። እንደ እኔ ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው። አንድ እግር ሠርተው ሳይጨርሱ ሌላ ቁስለኛ በር ላይ ይደርስ ነበር። ያን ጊዜ የገባቸው ነገር ለእኔም ከዓመታት በኋላ ገብቶኛል፤ ፈንጂው መቀበሩ ካልቆመ ወርክሾፑ መቼም አይበቃም።

መንግሥታት ስለ ፈንጂ ሳይነጋገሩ ቀርተው አይደለም። በ1980 ጄኔቭ ላይ የፈንጂ አጠቃቀምን የሚገድብ ደንብ ጽፈዋል። በ1995 እና በ1996 ደንቡን ለማሻሻል ሲሰበሰቡ ግን ውሳኔው የሁሉንም ስምምነት ይጠይቅ ስለነበር፣ አንድ አገር «አይሆንም» ካለ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ለወታደር ፈንጂ ርካሽ ዘበኛ ነው። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲጠቅሰው በነበረው ስሌት አንዱን ፈንጂ ለመግዛት ከ3 እስከ 30 ዶላር፣ ያንኑ ፈልጎ ለማውጣት ደግሞ ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ይፈጃል። የመጀመሪያውን ሒሳብ የሚከፍለው ሠራዊቱ ነው፤ ሁለተኛውን የሚከፍሉት ገበሬው፣ እረኛውና ውኃ ቀጂዋ ልጅ ናቸው።

ይህን ሁለተኛ ሒሳብ ወደ ጠረጴዛው ያመጡት ሲቪክ ድርጅቶች ናቸው። በጥቅምት 1992 ስድስት ድርጅቶች ተባብረው ፈንጂን የማገድ ዓለም አቀፍ ዘመቻ መሠረቱ። ከመካከላቸው እግር የሚሠሩ፣ ፈንጂ የሚያመክኑ፣ የሰብአዊ መብት ጥሰት የሚመዘግቡ፣ በቬትናም ጦርነት የተዋጉ አሜሪካውያንም ነበሩ። አስተባባሪዋ ጆዲ ዊሊያምስ በፋክስና በስልክ ከአገር አገር እየተጻጻፈች ዘመቻውን አሰፋችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ1,000 በላይ ድርጅቶች ተቀላቀሉ። አንድ አለቃ አዝዟቸው አልነበረም። እያንዳንዱ በአገሩ የራሱን ሚኒስትር፣ የራሱን ፓርላማ፣ የራሱን ጋዜጣ ይወተውት ነበር፤ የሚያነሡት ጥያቄ ግን አንድ ነበር። «ይገደብ» አላሉም፤ «ፈጽሞ ይታገድ» ነበር ያሉት።

በጥቅምት 1996 ኦታዋ በተደረገ ስብሰባ መጨረሻ ላይ የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎይድ አክስዎርዚ ብዙዎች ያልጠበቁትን ተናገሩ። «በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ኑና ሙሉ እገዳውን ፈርሙ» አሉ። ተሰብሳቢዎቹ ዲፕሎማቶች ደነገጡ፤ ዘመቻው ግን ወዲያው ደገፋቸው። ድርድሩ መስከረም 1997 ኦስሎ ላይ ሲካሄድ፣ ያልተስማሙበት ነገር በድምፅ ብልጫ ሊወሰን እንደሚችል ደንብ ወጣ። አንድ አገር ብቻውን ማገድ አልቻለም። ዘመቻውም በታዛቢነት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተሰጠው። አሜሪካ ለኮሪያ ልሳነ ምድር ልዩ ሁኔታ እንዲፈቀድላት ጠየቀች፤ አልተሰጣትም፤ ሳትፈርም ቀረች። በታኅሣሥ 3 እና 4 ቀን 1997 ኦታዋ ላይ 122 አገሮች የእገዳውን ስምምነት ፈረሙ።

በዚያው ወር ኦስሎ ውስጥ ዘመቻውና ጆዲ ዊሊያምስ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በዘመቻው ስም ሽልማቱን የተቀበለው ቱን ቻናሬት ነው። ካምቦዲያዊ ነው፤ ሁለት እግሮቹን ፈንጂ ወስዶበታል፤ በአገሩ ለሌሎች ዊልቸር ይሠራል። ለሙያ ባልደረቦቼ ይህን ስነግር ድምፄ ይሰበራል።

ፊርማው ባዶ ወረቀት ሆኖ አልቀረም። አገሮች ካከማቹት ውስጥ ከ55 ሚሊዮን በላይ ፀረ ሰው ፈንጂ ወድሟል። ሞዛምቢክ በ2015 የታወቁ የፈንጂ ቦታዎቿን ሁሉ አጽድታ ጨረሰች። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ሕንድና ፓኪስታን ግን እስከ ዛሬ ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። በ2025 ደግሞ የሩሲያን ጦር ስጋት ምክንያት አድርገው ሊቱዌኒያ፣ ላትቪያ፣ ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ለመውጣት ወሰኑ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ መፍትሔያቸው ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የተቀበረ ፈንጂ ጦርነቱ ማለቁን የሚነግረው የለም። የዛላንበሳው አባት እግራቸውን ያጡት ተኩሱ ከቆመ በኋላ ነው።

ስምምነቱን በሕይወት ያቆየው አሁንም ቆጠራው ነው። ከ1999 ጀምሮ የዘመቻው ሰዎች በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣሉ፤ ማን ፈንጂ እንደቀበረ፣ ማን እንዳጸዳ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ አገር በአገር ይጽፋሉ። በ2023 ብቻ በፈንጂና በጦርነት ትራፊዎች ቢያንስ 5,757 ሰዎች ሞተዋል ወይም ቆስለዋል፤ ከመቶው 84ቱ ሰላማዊ ሰዎች ናቸው። የአገሮችን ሁሉ ቁጥር አንድ ላይ ሰብስቦ የሚያቀርብ መንግሥት የለም። የሚሰበሰበው ከየሆስፒታሉ፣ ከየመንደሩና እንደ እኔ ካለው የወርክሾፕ ሠራተኛ መዝገብ ነው።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1997 ፈርማ በ2004 አጽድቃዋለች፤ ሪፖርቱም የእኛን አገር ይመለከታል። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ልጆች ሜዳ ላይ ያገኙትን ያልፈነዳ ብረት አንሥተው ይቆስላሉ፤ ይሞታሉ። አንባቢዬ ሆይ፣ አደራ የምልህ ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ብረት ካየህ አትንካው፤ ልጆቹን አርቅና ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ተናገር። በሰፈርህ የተጎዳ ሰው ካለ ደግሞ ቤት ውስጥ ተደብቆ እንዲቀር አትፍቀድ። ወደ ጤና ጣቢያ አምጣው፤ ጉዳቱ ይመዝገብ፤ ይቆጠር። ሁለቱንም ጫማውን ይዞ ይምጣ።